ባንኩን ልልቀቅና ካሜራ ልያዝ?

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 29 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ ከገባሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በደንበኞች አገልግሎት እሠራለሁ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። ፎቶ ማንሳት ነፍሴ ነው። ከጓደኛዬ በተዋስኩት ካሜራ የሦስት ጓደኞቼን ሰርግ ያለ ክፍያ አንስቻለሁ፤ ያየው ሁሉ ‹ለምን ሥራሽ አታደርጊውም?› ይለኛል። የኪራይ ድርሻዬን፣ ለእናቴ የምልከውን 4,000 ብርና ሌላውን ሁሉ ጨምሮ የወር ወጪዬ 22,000 ብር ገደማ ነው። 260,000 ብር አጠራቅሜአለሁ። ሐሳቤ መስከረም ላይ ቦነስ እንደተከፈለኝ መልቀቂያ አስገብቼ ባለኝ ብር ጥሩ ካሜራ ከነሌንሱ መግዛት ነው። ካልበቃኝም የመሥሪያ ቤት ዕቁባችን ላይ የመጀመሪያው ዕጣ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ወንድሜ ግን ‹ባንክ ለቀሽ ካሜራማን ልትሆኚ ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ገና አልሰማችም። ጥር ላይ ደግሞ የአክስቴ ልጅ እዚሁ አዲስ አበባ ታገባለች፤ ‹አንቺ እያለሽ ሌላ አልቀጥርም› ብላኛለች፤ በነፃ ማለቷ ነው። ምን ይመክሩኛል? ኤም፣ ከጀሞ»

እህቴ ኤም፣

ሳላንጠለጥልሽ ልንገርሽ። ሙያውን ጀምሪው። መልቀቂያውን ግን በሚመጣው መስከረም አታስገቢ፤ ካሜራውንም አሁን አትግዢ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ነው፤ ጊዜ ካጠረሽ እዚህ ላይ ብታቆሚም ቅር አልሰኝም።

ቀኑን የመረጥሽው በባንክ ቤት አቆጣጠር ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ኦዲተር ይገባል፣ ቦነስ ይወጣል፣ ከዚያ መልቀቂያ ይጎርፋል። ብልህነት ነው፤ አልነቅፍሽም። የሰርግ ፎቶ ገበያ ግን ሰኔ 30ን አያውቅም፤ የሚያውቀው አጽዋማትን ነው። ጥቅምት ላይ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ የኦርቶዶክሱ ሰርግ ይቆማል። ገና ካለፈ በኋላ ጥር ይመጣል፤ አዳራሹም፣ ዲኮሩም፣ ቬሎውም፣ ካሜራውም በአንድ ጊዜ ከከተማው የሚጠፋበት ወር ነው። ጥቂት ቆይቶ ዐቢይ ጾም ይገባና ለ55 ቀን ስልክ አይጮህም። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ይደራል፤ ግንቦት ላይ መዳር የሚፈሩ ቤተሰቦች ዛሬም ስላሉ ሚያዝያ ይጨናነቃል፤ ፋሲካ ዘግይቶ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በዋለ ዓመት ደግሞ ያቺም ታጥራለች። ሰኔ የሐዋርያት ጾም፣ ነሐሴ ፍልሰታ፣ በመካከል ክረምቱ። ሰኔና ሐምሌን የሚያሻግርሽ ምርቃት ነው።

የሙስሊሙ ሰርግ ያካክስልኛል እንዳትይ። በረመዳን አይዳርም፤ ረመዳን ደግሞ ሰሞኑን ባሉት ዓመታት ከዐቢይ ጾም ጋር እየተደራረበ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲያውም ሁለቱም የገቡት በአንድ ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን የሚተነፍሱት ጾም የማይጠብቁ የወንጌላውያን አማኞችን ሰርግ የያዙ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። አንቺም ገና ከመጀመሪያው ከአንድ በላይ ቤተ እምነት ውስጥ የምትታወቂ ሁኚ፤ የምለው ስለ መቻቻል አይደለም፣ ስለ መጋቢት ወር ኪራይሽ ነው።

አሁን ሐሳብሽን በዚህ ላይ አሳርፊው። መስከረም ላይ መልቀቂያ ስታስገቢ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። ነፃ የምትሆኚው ጥቅምት ላይ ነው። ለጥር የተዘጋጀች ሙሽራ በዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺዋን መርጣ ቀብድ ከፍላለች ወይም ልትከፍል ነው፤ አንቺ ደግሞ በስምሽ የምታሳያት የተከፈለበት ሥራ የለሽም። የኅዳርና የታኅሣሥ ኪራይ ግን ሳይቀር ይመጣል።

ስለዚህ ይህን አንድ ዓመት ባንክ ሆነሽ እሑዶችሽን ሽጪ። ባንክ ቅዳሜም እንደሚያሠራሽ አውቃለሁ፤ ደግነቱ ተክሊሉም አብዛኛው ድግስም የሚውለው እሑድ ነው። ካሜራ ይዘሽ በራስሽ ስም አይደለም፤ አንድ የሰርግ ስቱዲዮ ውስጥ በቀን ሒሳብ ረዳት ሆነሽ፣ በእነሱ ዕቃ። የሦስቱ ጓደኞችሽ ፎቶ ማማሩን አምናለሁ፤ ያመለጠሽን ግን ማንም አልጠየቀሽም፣ ምክንያቱም ማንም አልከፈለሽም። የተከፈለበት ሰርግ የሚለየው በዚህ ነው። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ደርሶ «አናስገባም ሰርገኛ» ሲዘፈንበት ከበሩ ጥግ የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ቪዲዮ አንሺውና የሙሽራዋ አጎቶች ቀድመው ይይዙታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የት መቆም እንደሚቻል፣ ፍላሽ መቼ እንደሚጠፋ፣ ለዚህም ቀድሞ ማንን መጠየቅ እንዳለብሽ አጠገቡ ቆመሽ ካልሆነ ማንም አያስተምርሽም። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ መብራቱ ጨለምለም ያለና በየደቂቃው ቀለሙን የሚቀያይር፣ ሙሽራው ጥቁር በጥቁር፣ ሙሽሪት ነጭ በነጭ ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ላይ ሳታጠፊ ለማውጣት እጅ የሚለምደው በብዙ እሑድ ነው። ጉልበት ሲሳም አባትየው ካለቀሱ በኋላ «ይቅርታ፣ አንዴ ይደገም» አይባልም።

ይህም ቢሆን ከሥራው ግማሹ ነው። ሙሽሮች ፎቶ አንሺያቸውን ሲያማርሩ ሰምተሽ ከሆነ ስለ ፎቶው ጥራት ብዙም አያወሩም፤ የሚያወሩት ስለ ቀረው አልበም ነው። ጥር ላይ ተጋብተው የልጃቸው ክርስትና እስኪደርስ አልበም የሚጠብቁ አሉ። ከአንድ ሰርግ የሚመጣውን የፎቶ ክምር መምረጥ፣ ማረም፣ ከቤተሰቡ ጋር «ይህቺ ትግባ፣ ያቺ ትውጣ» መባባል፣ ማተሚያ ቤት መመላለስ፣ ሁሉም የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ነው። ከመስኮት ሥራ ደክሞሽ ገብተሽ ይህን ለሁለት የሰርግ ወቅት ከቻልሽው ሙያው ያንቺ ነው። ካልቻልሽው ደግሞ ያወቅሽው ደመወዝሽ ሳይቋረጥ ነው። በነገራችን ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰርጉን ፎቶ ሁለት ቦታ ላይ ሳትገለብጪ እንዳትተኚ፤ የጠፋ ሚሞሪ ካርድ ይቅርታ አይጠየቅበትም።

ስቱዲዮ ስትፈልጊ በኢንስታግራም «ሥራ ፈልጌ ነበር» ብለሽ አትጻፊላቸው። ጥር ላይም አትሂጂ፤ ቀና ብሎ የሚያይሽ የለም። የነቢያት ጾም እንደገባ፣ እጃቸው በተፈታበት ሰሞን በአካል ሂጂ። ከሦስቱ ሰርግ የመረጥሻቸውን ቆንጆ ቆንጆ ፎቶዎች ሳይሆን የአንዱን ሰርግ ከማለዳ እስከ ማታ በቅደም ተከተል ያዢ፤ ባለሙያ የሚያየው የቀኑ ታሪክ የቱ ጋ እንደተበጠሰብሽ ነው። በደህና ቀን የተነሳች አንዲት ፎቶ ማንም አለችው።

ሴት መሆንሽን እንደ ድካም አትቁጠሪው። በማለዳ ሙሽሪት ስትለብስና ስትኳኳል ክፍሉ ውስጥ ያለ ጭንቅ የምትገባ ፎቶ አንሺ ትፈለጋለች፤ ብዙ እናቶች ይህን በግልጽ ይጠይቃሉ። የሚከብደው መንገዱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲኤምሲ ሙሽራ ቤት ደርሰሽ ማታ 4 ሰዓት ከአዳራሽ ስትወጪ ጀሞ ሩቅ ናት። የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ ከቀን ክፍያሽ ተለይቶ የሚታሰብ መሆኑን ከመጀመሪያው ተስማሚ። «እንተያያለን» ካሉሽ ሌላ ስቱዲዮ ፈልጊ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። 260,000 ብር ለ22,000 ሲካፈል አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ኑሮ ነው። ካሜራ ከገዛሽበት ግን ካሜራ ብቻ ነው፤ ለኪራይ ብለሽ መልሰሽ ብትሸጪውም በገዛሽበት አይሸጥም። የስድስት ወር ወጪሽን፣ ማለትም 132,000 ብሩን፣ ሌላ ሒሳብ ውስጥ አስገቢና እንደሌለ ቁጠሪው። የቀረው 128,000 የሙያው ነው፤ እሱም ወጪ የሚሆነው ከመጀመሪያው የሰርግ ወቅት በኋላ ነው፣ የሚጎድልሽ የትኛው ሌንስ እንደሆነ በእጅሽ ካወቅሽ በኋላ። እስከዚያ ለራስሽ ሥራ ካሜራ ካስፈለገሽ በቀን የሚያከራዩ አሉ። ምናልባት ያኔ የምትገዢው አንድ ያገለገለ ካሜራ፣ አንድ ጥሩ ሌንስና ሁለት ሃርድ ዲስክ ይሆናል። ግርማ በርታ የሚባለው የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ በ2016 እ.ኤ.አ. ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ የሚሰጡትን ድጋፍ ያገኘው በአይፎን ባነሳቸው የጎዳና ፎቶዎች ነው። ሰርግ በስልክ አንሺ ማለቴ አይደለም፤ ዓይንሽን ለማሠልጠን ግን ኪስሽ ውስጥ ያለው ይበቃል።

ደብዳቤሽ ላይ አልጠቀስሽውም እንጂ ከባንኩ በሠራተኛ ወለድ የወሰድሽው ብድር ካለ ውሉን አውጥተሽ አንብቢ፤ ስትለቂ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ሊወጣ ወይም ቀሪው በአንዴ ክፈይ ልትባዪ ትችያለሽ። አሠሪሽ በየወሩ በስምሽ የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ከደመወዝሽ ጋር ይቆማል። ሕክምናሽን ባንኩ የሚሸፍንልሽ ከሆነ እሱንም ደምሪበት። 22,000 ብር ያልሽው ወጪ ስትለቂ 22,000 ሆኖ አይቆይም።

የዕቁቡን ነገር እርግፍ አድርገሽ ተዪው። የመጀመሪያ ዕጣ ማለት በጓደኞችሽ ገንዘብ የተወሰደ ብድር ነው፤ ወለድ የለውም፣ ርኅራኄም የለውም። ዐቢይ ጾም ገብቶ አንድም ደንበኛ ሳይደውል የዕቁቡ ጸሐፊ ግን ይደውላል። ያልከፈልሽ ዕለት የሚጠየቀው ዋስሽ ነው፤ ዋስሽ ደግሞ ዛሬ ከጎንሽ መስኮት ላይ የምትሠራዋ ልጅ ናት። ዕቁብ ከወደድሽ ገብተሽ የመጨረሻውን ዕጣ ጠይቂ፤ እሱን የሚሻማሽ የለም።

ሳትለቂ የምታደርጊው ሌላም አለ፤ የቤት ኪራይ ውልሽን አስመዝግቢ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አከራይሽ «የባንክ ሠራተኛ ናት» እያለ በሚያከብርሽ ሰዓት የተፈረመ ውል፣ «አሁን ምን ትሠራለች?» በሚልበት ሰዓት ይጠቅምሻል።

መልቀቂያውን መቼ ታስገቢያለሽ? መለኪያ ልስጥሽ። በሚመጣው ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ባለው መስከረም፣ ለጥር በራስሽ ስም ቀብድ የተቀበልሽባቸው አራት ሰርጎች ካሉ ልቀቂ። የሰው አስተያየት ወይም የኢንስታግራም ተከታይ ቁጥር አላልኩሽም፤ ቀብድ ነው ያልኩት። አራት ካልሞላ አንድ ዓመት ጨምሪ። በራስሽ ስም መሥራት ስትጀምሪ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጪ፤ ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉሽም፣ ከሰርግ ውጪ ያለውን የዓመቱን ክፍተት የሚሞሉልሽ ደግሞ ድርጅቶች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን የቅጥር ውልሽ ሌላ ሥራ መያዝን እንዴት እንደሚያይ አጣሪ።

ከደንበኛ ጋር ዘመድም ቢሆን በጽሑፍ ተዋዋዪ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ፎቶግራፍን ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ይጠብቃል፤ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የገንዘብ ጥቅም መብቱ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የአዛዡ ነው። እንግዲህ «ፎቶዎቹን ለሥራዬ ማሳያ እጠቀማለሁ» የሚል አንድ መስመር ውሉ ውስጥ ካላስገባሽ በእጅሽ የሠራሽውን ማሳየት አትችዪም ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27ም የማንንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። ሙሽሪት ፊቷ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ካየችው በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ጠብ ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ ከሰርግ ሌላ ፎቶ የለም። ለጊዜው ይሁን፤ እንጀራው እሱ ነው። ግን አልፎ አልፎ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ወይም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ኤግዚቢሽን ሲከፈት ገብተሽ እዪ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ሲዘጋጅም እንዳያመልጥሽ። ሚካኤል ጸጋዬ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. በሥዕል ተመርቆ፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ነው ወደ ፎቶግራፍ የዞረው። ሙያ ለመቀየር ምክንያቱ የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ጎዳና ላይ ስታነሺ ጥበቃና ፖሊስ «ፈቃድ አለሽ?» ማለታቸው አይቀርም፤ በትሕትና መልሺ፣ አትከራከሪ፣ ዞር በዪ።

የወንድምሽ ሳቅ ብዙ አላስጨነቀኝም። በዚህ ከተማ የካሜራ ሙያ ቤተ መንግሥት ውስጥ የከበረ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በቤተ መንግሥት ሠርተዋል። ይህን ለወንድምሽ ብትነግሪው ግን አይሰማሽም። የመጀመሪያዋን ጥር ጨርሰሽ የእሑዶቹ ገቢ ብቻውን የኪራይ ድርሻሽን እንደሸፈነ ብታሳዪው ይሰማል፤ ወንድሞች እንዲህ ናቸው። እናትሽ ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት። ደሴ ለጎረቤት «ልጄ ባንክ ቤት ናት» የሚሉት ለጉራ ብቻ አይደለም፤ እንቅልፍ የሚወስዳቸው በዚያ ነው። «ባንኩ አለ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሙያ እየተማርኩ ነው» በያቸው። ሐቁም ይኸው ነው። 4,000ዋ ብር ደግሞ ለአንድ ወርም እንዳትዘገይ፤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ እሷ ታሳምናቸዋለች።

ሌላው የአክስትሽ ልጅ ነገር ነው። እናትሽ ለዚያ ሰርግ ከደሴ መምጣታቸው አይቀርም፤ የፎቶ ሥራሽን መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ ከሆነ ወዲያ ወዲህ ስትሮጪ፣ እህል ሳትቀምሺ፣ ከዘመድ ጋር አንድም ፎቶ ሳትነሺ እንዲያዩሽ አትፈልጊም። በነፃ ዋና ፎቶ አንሺ አትሁኚ። «የማለዳውን፣ ቤት ውስጥ ያለውን እኔ አነሳልሻለሁ፤ ስጦታዬ ነው። ከበር ጀምሮ ያለውን ግን የሚጠየቅበት ሰው ቅጠሪ» በያት። መቀየሟ አይቀርም፤ አልበሙ ዘግይቶ ከምትቀየም ይሻላል። ብቻ ጥቅምት ሳያልቅ ንገሪያት፤ ከዚያ በኋላ ለጥር ደህና ሰው አታገኝም።